የበግ ፀጉርና እርሾ በማይክሮስኮፕ፦ ብርሃን እስከ የት፣ ኤሌክትሮን ከየት

የምሠራው ደብረ ብርሃን፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ማይክሮስኮፑ ከሳጥኑ በወጣ ቁጥር ሁለት ጥያቄ አይቀርልኝም። አንደኛው «ምንም አይታየኝም፣ ጨለማ ብቻ ነው» የሚለው ነው። ሁለተኛው ትንሽ ነገር ካዩ በኋላ ይመጣል፦ «እሺ፣ አሁን ደግሞ ቫይረስ አሳየን!» ከመንዝም ከሸዋ ሮቢትም እየደወሉ ይህንኑ የሚጠይቁ መምህራን አሉ። አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

ሁለት ናሙና እንጠቀማለን፦ የመንዝ በግ ፀጉርና የእንጀራ እርሾ። ሁለቱም እዚሁ ይገኛሉ፣ ብር አያስወጡም፣ አደጋም የላቸውም። መጀመሪያ በብርሃን ታዩዋቸዋላችሁ። ብርሃኑ አቅም የሚያጣበትን ቦታ በገዛ ዓይናችሁ ትደርሱበታላችሁ። ከዚያ ያንኑ ፀጉር ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ማዘጋጀትን እናያለን።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዙ

ማጉላት ሌላ፣ መለየት ሌላ። ወፍራም ጓንት አጥልቃችሁ ሰፌድ ላይ የተበተነ ገብስ በጣታችሁ ብትቆጥሩ ይሆንላችኋል። ጤፍ ቢሆን ግን ሁለት ፍሬ ይሁን አምስት አታውቁም። ጣታችሁ ደንዝዞ አይደለም፤ ጓንቱ ከጤፉ ስለሚወፍር ነው።

ብርሃን ሞገድ ነው። ለዓይናችን የሚታየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር አካባቢ ነው። አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ይህ ርዝመት ጓንታችን ነው። ሁለት ነጥቦች ከሞገዱ ግማሽ ገደማ በታች ከተቀራረቡ ሌንሱ አንድ ነጥብ አድርጎ ያመጣቸዋል። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ያህል ብታጎሉ አንድ ትልቅ ብዥታ እንጂ ሁለት ነጥብ አታገኙም። ቀሪው መመሪያ በሙሉ ከዚህ ይወጣል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ማይክሮስኮፕ። ባለ 4፣ 10 እና 40 ኦብጀክቲቭ ይበቃል። ኦብጀክቲቭ የምላችሁ ከናሙናው በላይ የሚዞሩትን ታችኞቹን ሌንሶች ነው። 100 ካለው እሰየው።
- ስላይድና ከቨር ስሊፕ። ከቨር ስሊፑ ስሱ መስታወት ነው።
- ከቆዳው አጠገብ የተቆረጠ ትንሽ የበግ ፀጉር። የተሠራ ባና ጫፍ ላይ የተመዘዘ ክርም ይሆናል።
- የሻይ ማንኪያ ሩብ ያህል እርሾ፣ ከላይ የሚንሳፈፈው ቢጫ ውሃ።
- መርፌ የሌለው ንጹህ ሲሪንጅ ወይም ማንጠባጠቢያ፣ ወረንጦ፣ ግልጽ ፕላስቲክ ማስመሪያ።
- ከፋርማሲ የሚገዛ የቁስል አዮዲን።
- ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ሁለት ጠብታ ብቻ።
- የሌንስ ማጽጃ ወረቀት። ሶፍት አይሆንም፣ የነጠላ ጫፍም አይሆንም። ሁለቱም አቧራ ይይዛሉ፤ አቧራው ደግሞ ሌንሱን ይቧጭራል።

ማስጠንቀቂያ

በመብራት ፋንታ ብርሃን የሚያንጸባርቅ መስታወት ያለውን ማይክሮስኮፕ ፈጽሞ ወደ ፀሐይ አታዙሩ። በቆላም በደጋም ክልክል ነው፤ የእኛ የደጋ ፀሐይ ደግሞ ምሕረት የለውም። ሌንሶቹ ጨረሩን ሰብስበው ዓይናችሁ ውስጥ ይከቱታል። ጉዳቱ በሰከንዶች ይደርሳል፣ አይመለስም። ሌዘርም እንደዚያው።

የሰው ደም ወይም አክታ ይዛችሁ አትምጡ። ቲቢና ሄፓታይተስ ያለበትን በዓይን መለየት አይቻልም። ያ ሥራ የጤና ላብራቶሪ ነው።

የተሰበረ ከቨር ስሊፕ በእጅ አይለቀምም፤ በእርጥብ ወረቀት ይነሳል። ስስ ስለሆነ ጣት ሲወጋ እንኳ ወዲያው አይሰማም።

ክፍል አንድ፦ በብርሃን ማየት

1. ማይክሮስኮፑን ከክፍሉ ጋር አላምዱት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ ካደረበት ዕቃ ቤት አውጥታችሁ ተማሪ የሞላበት ክፍል ስታስገቡት ሌንሱ ላይ ጤዛ ይይዛል። «ጭጋግ ብቻ ነው የሚታየኝ» ከሚሉኝ ውስጥ ብዙዎቹ የሚያዩት የራሳቸውን ትንፋሽ ነው። ሽፋኑን ሳታነሡ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። አትጥረጉት፤ ጤዛው በራሱ ይለቃል፣ ስትጠርጉት ግን አቧራውን ከውሃው ጋር ትፈጩበታላችሁ።

2. ብርሃን አምጡ። መብራት ያለው ከሆነ አብሩት። መስታወት ያለው ከሆነ ፀሐይ በማትገባበት መስኮት በኩል ወደ ነጭ ደመና ወይም ወደ ሰማይ አዙሩት። መስታወቱ ሁለት ፊት አለው። ስላይዱ ከሚቀመጥበት መድረክ ሥር ኮንደንሰር፣ ማለትም ብርሃን ሰብሳቢ ሌንስ ካለ ጠፍጣፋውን ፊት ተጠቀሙ። ከሌለ ጎድጓዳውን። ምክንያቱም ጎድጓዳው ራሱ ብርሃን ይሰበስባል፤ ሁለት ሰብሳቢ ሲደራረብ ብርሃኑ ናሙናው ላይ ሳይደርስ ይገናኝና በሌንሱ ስታዩ የሚታየው ብሩህ ክብ ጠርዙ ይጨልማል። መብራት ጠፍቶ ሰማዩም ከጠቆረ የስልክ ባትሪ በነጭ ወረቀት ሸፍናችሁ ከሥር አስቀምጡ። ወረቀቱ የሚያስፈልገው አምፖሏ ራሷ ነጥብ ሆና እንዳትታይ ነው።

3. ክቡን ለኩ። ይህን ሁሉም ይዘሉታል፤ እኔ ግን አልለቃችሁም። ግልጹን ማስመሪያ በመድረኩ ላይ አድርጉና በ4 ኦብጀክቲቭ እዩ። የክቡ ስፋት ስንት ሚሊሜትር ነው? በብዙ የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ፣ የዓይኑ ሌንስ 10 ከሆነ፣ ወደ 4.5 ሚሊሜትር ይመጣል። ኦብጀክቲቩ ሲያድግ ክቡ በዚያው ልክ ይጠባል። በ10 1.8 ሚሊሜትር፣ በ40 0.45 ሚሊሜትር ይሆናል። 0.45 ሚሊሜትር ማለት 450 ማይክሮን ነው፤ ማይክሮን የሚሊሜትር ሺኛ ነው። ይህን ቁጥር ቴፕ ላይ ጽፋችሁ ማይክሮስኮፑ ላይ ለጥፉት። ከዚህ በኋላ ያያችሁት ነገር ሁሉ ልክ አለው፤ «ትንሽ ነው» ከማለት ትድናላችሁ።

4. ፀጉሩን አዘጋጁ። የበግ ፀጉር ቅባት አለው። በሞቀ ውሃና በአንድ ጠብታ ሳሙና እጠቡት፣ አለቅልቁት። ሁለት ወይም ሦስት ዘለላ ብቻ ስላይድ ላይ አድርጉ። አንድ ጠብታ ውሃ ጨምሩ። ከቨር ስሊፑን በአንድ ጠርዙ አስደግፉና በወረንጦ ቀስ ብላችሁ አስተኙት። ከላይ ጥላችሁ ከለቀቃችሁት አየር ይታፈናል። የአየር አረፋ ጥቁር ወፍራም ጠርዝ ያለው ፍጹም ክብ ነገር ነው። «ሴል አገኘሁ!» ከሚሉኝ መሐል ብዙዎቹ ያገኙት እሱን ነው።

   ለምን ውሃ? ፀጉሩን በደረቁ ካያችሁት ብርሃን ከአየር ወደ ፀጉር ሲገባ በጣም ስለሚታጠፍ ጠርዙ ጥቁር ሆኖ ውስጡን ይሸፍነዋል። በምግብ ዘይት ካደረጋችሁት ደግሞ ዘይቱ ብርሃንን የሚያጥፍበት ልክ ከፀጉሩ ጋር ይቀራረባል፤ ፀጉሩ የሚጠፋ ይመስላል፣ ላዩ ላይ ያለው ቅርፊትም ይደበዝዛል። ውሃ መሐል ላይ ነው። ጊዜ ካላችሁ ሦስቱንም ሞክሩ። የምናየው ነገሩን ራሱን ሳይሆን ነገሩ በብርሃን ላይ ያደረገውን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ሙከራ አላውቅም።

5. ሁሌም በ4 ጀምሩ። ከጎን ሆናችሁ እያያችሁ ኦብጀክቲቩንና ስላይዱን አቀራርቡ። ከዚያ ዓይናችሁን ሌንሱ ላይ አድርጋችሁ በትልቁ ማስተካከያ እያራቃችሁ ፈልጉ። እያራቃችሁ እንጂ እያቀረባችሁ አይደለም! እያቀረባችሁ ከፈለጋችሁ ሳታዩት ስላይዱን ትሰብራላችሁ። እኔ ራሴ ተማሪ ሆኜ በ40 ላይ እንዲህ አድርጌ ስላይዱን ለሁለት ከፍዬዋለሁ፤ ሌንሱ ላይ የቀረችው ጭረት እስከዛሬ አለች።

   ስላይዱን ወደ ቀኝ ስትገፉት ምስሉ ወደ ግራ ይሄዳል። አልተበላሸም። ሌንሱ ምስሉን ገልብጦ ነው የሚያመጣው። ከጋዜጣ ላይ «ሀ» ፊደል ቆርጣችሁ ብታዩ አፏ ወደ ታች ተደፍቶ ታገኟታላችሁ።

6. ዲያፍራሙን አስተካክሉ። ከመድረኩ ሥር ያለው የብርሃን በር ነው። ብዙ ሰው ብርሃን በበዛ ቁጥር የሚሻል ይመስለዋል። ነጭ የበግ ፀጉርና እርሾ ግን ቀለም የሌላቸው ግልጽ ነገሮች ናቸው፤ ብርሃን ሲበዛ ይዋጣሉ። ጠርዝ እስኪወጣ ድረስ በሩን ቀስ እያላችሁ ዝጉ። ከልክ በላይ ስትዘጉት ደግሞ ሁሉም ነገር ድርብ ጥቁር ጠርዝ ያወጣል፣ ዝርዝሩም ይጠፋል። ምክንያቱም ሌንሱ ነገሮችን የሚለየው ከጎን ከጎን በሰፊው የሚገባውን ብርሃን ሰብስቦ ነው፤ በሩ ሲጠብ ያ ብርሃን ይቀራል። ሰፋ ሲል መለየት፣ ጠበብ ሲል ጥላ፤ መሐሉን በዓይናችሁ ፈልጉት።

7. ወደ 10፣ ከዚያ ወደ 40 እለፉ። የምትፈልጉትን ነገር መሐል አድርጉ፤ ክቡ ሲጠብ ዳር ያለው ይወጣልና። በ40 ላይ ትልቁን ማስተካከያ አትንኩ። ትንሹን ብቻ። በሌንሱና በስላይዱ መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው።

   አሁን ፀጉሩን እዩት። ቀጫጭንም ወፋፍራምም ዘለላ ታገኛላችሁ። በአንዳንድ ወፍራም ዘለላ መሐል ጥቁር መስመር አለ፤ እሱ ቀለም ሳይሆን አየር የያዘ ውስጠኛ ክፍል ነው። ላዩ ላይ ትንሹን ማስተካከያ ወዲህ ወዲያ ስታደርጉ ስስ የተጣመሙ መስመሮች ብቅ ጥልቅ ይላሉ። እነሱ ቅርፊቶቹ ናቸው። እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተደራርበው ጫፋቸው ወደ ፀጉሩ ጫፍ ያያል። ሱፍ በሙቅ ውሃ ሲታሽ የሚኮማተረው እነዚህ እርስ በርስ ስለሚያያዙ ነው።

   ውፍረቱን ለኩት። 15 ዘለላ ጎን ለጎን ቢደረደር ክቡን ይሞላል ብላችሁ ከገመታችሁ 450 ለ15 ሲካፈል 30 ማይክሮን ነው።

8. እርሾውን እዩ። አንዱን ጠብታ በአሥር ጠብታ ውሃ አቅጥኑት። ሳይቀጥን ከሆነ የምታዩት የተጨናነቀ ግርግር ነው። አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ፣ ከቨር ስሊፕ፣ 4፣ 10፣ 40።

   እዚህ ጋ ነው መምህራንም የሚሳሳቱት። ትንንሽ ክብ ነገሮች በብዛት ታያላችሁ፤ ሁሉም የእርሾ ሴል አይደሉም። የጤፍ ስታርች ፍሬዎች ከ2 እስከ 6 ማይክሮን ገደማ ናቸው፤ የእርሾ ሴል ደግሞ 5 ማይክሮን አካባቢና ከዚያ በላይ። በመጠን ይምታታሉ። መለያው አዮዲን ነው። ከከቨር ስሊፑ አንድ ጎን ትንሽ ጠብታ አዮዲን አድርጉ፤ በሌላው ጎን ቁራጭ ወረቀት አስነኩ። ወረቀቱ ውሃውን ሲስብ አዮዲኑ ከሥር ይገባል። ስታርቹ ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል። እርሾው ቢጫ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። እርሾዎቹን በደንብ ካያችኋቸው ጎናቸው ላይ ትንሽ እብጠት ያላቸው አሉ፤ እየተባዙ ነው።

   አዮዲን ሕያዋኑን ይገድላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሳትጨምሩ እዩ፣ ከዚያ ጨምሩ። ልብስ ከነካም በቀላሉ አይለቅም።

   ከሁሉም የሚያንሱት ዘንጎችና ነጥቦች ባክቴሪያ ናቸው። እርሾውን ካኮመጠጡት ውስጥ አሉበት። በ40 ላይ እንደ ሰረዝ ብቻ ይታያሉ። አንድ ጊዜ ከጎረቤት እርሾ የሰጡኝ እናት ራሳቸው ሊያዩ መጡ። «ውይ በሞቴ! ይሄን ነው ስንበላ የኖርነው?» አሉኝ። «አይዞዎት እማማ፣ ምጣዱ ላይ ያልቃል» አልኳቸው። ቡና እስኪፈላ ድረስ ከማይክሮስኮፑ አልተነሡም።

9. 100 ካላችሁ ዘይት ጨምሩ። ከቨር ስሊፑ ላይ አንድ ጠብታ የማይክሮስኮፕ ዘይት፣ ከዚያ 100ውን አዙራችሁ ጠብታው ውስጥ ንከሩት። ብርሃን ከመስታወት ወደ አየር ሲወጣ ይታጠፍና በጣም ያዘመመው ይጠፋል። ዘይቱ ብርሃንን እንደ መስታወቱ ስለሚያሳልፍ ያዘመመውም ሌንሱ ውስጥ ይገባል። ዘይት ሳይኖር 100ን መጠቀም ጊዜ ማባከን ነው። ስትጨርሱ ወዲያውኑ በሌንስ ወረቀት ጥረጉት። ዘይት የነካውን ስላይድ ወደ 40 አትመልሱት፤ 40 ዘይት ውስጥ እንዲገባ አልተሠራም።

10. በስልክ ፎቶ አንሡ። የስልኩን ካሜራ ከዓይኑ ሌንስ ጥቂት ራቅ አድርጋችሁ ክቡ እስኪሞላ አስተካክሉ። ዙም አታድርጉ። ዙም ያለውን ነጥብ ይለጥጣል እንጂ አዲስ አይጨምርም።

ብርሃን የሚያቆምበት

ኦብጀክቲቩ ጎን ላይ ሁለት ቁጥር ተጽፏል። አንዱ 40፤ ሌላው 0.65። ሁሉም የሚያነበው 40ውን ነው። ቁም ነገሩ ያለው ግን 0.65 ላይ ነው፤ ሌንሱ ምን ያህል ያዘመመ ብርሃን እንደሚሰበስብ የሚናገረው እሱ ነው። የብርሃኑን ሞገድ ለዚህ ቁጥር እጥፍ አካፍሉት። አረንጓዴ ብርሃን 550 ናኖሜትር ነው፤ ለ1.3 ሲካፈል ወደ 420 ናኖሜትር። በ40ው ከዚህ በታች የተቀራረበ ነገር አይለይም። በ4 ኦብጀክቲቭ፣ ቁጥሩ 0.10 ስለሆነ፣ ገደቡ 2,750 ናኖሜትር ነው። በ100 በዘይት፣ 1.25 ከሆነ፣ 220።

ኮሮና ቫይረስ ወደ 100 ናኖሜትር ነው። ስለዚህ መልሱ፦ አይታይም፣ የትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ አዲስም ቢሆን አይታይም። ሳጥኑ ላይ «2000 ጊዜ ያጎላል» የሚለው ሌንስም ለውጥ አያመጣም። የዓይን ሌንስ በዚህ ስሌት ውስጥ ስለሌለ ገደቡን አይለውጠውም። ልማዱ፣ ሁለተኛውን ቁጥር በ1000 ማባዛት ነው፤ 0.65 ቢበዛ 650 ጊዜ ማጉላት ይጠቅመዋል። ከዚያ በላይ ባዶ ማጉላት ነው።

የፀጉሩን ቅርፊት ጠርዝ በ40 ልታጠሩት ሞክሩ። ጠርዙ ከአንድ ማይክሮን በታች ይሳሳል። ምንም ብታደርጉ መስመሩ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ጓንቱ እዚህ ጋ ነው ጣታችሁን የያዛችሁ።

ክፍል ሁለት፦ ያንኑ ፀጉር ለኤሌክትሮን ማዘጋጀት

ኤሌክትሮንም ሲሮጥ ሞገድ አለው፤ በፈጠነ ቁጥር ሞገዱ ያጥራል። በ10,000 ቮልት ሲገፋ የሞገዱ ርዝመት 0.012 ናኖሜትር ገደማ ነው። ከአረንጓዴው ብርሃን ከ40,000 ጊዜ በላይ ያንሳል። ጓንቱ ወለቀ ማለት ነው። ኤሌክትሮን ግን በመስታወት አያልፍም፣ ስለዚህ ሌንሱ የመዳብ ሽቦ ጥምጥም የሚፈጥረው ማግኔት ነው። የማግኔት ሌንስ እንደ መስታወት ሌንስ ጥሩ አይደለም። በዚያ ላይ የምንጠቀምበት ዓይነት ናሙናውን በቀጭን የኤሌክትሮን ጨረር እየዳሰሰ ስለሆነ የሚለየው በጨረሩ ጫፍ ስፋት ልክ ነው። በተለመደ መሣሪያ ጥቂት ናኖሜትር ይደርሳል። ይበቃናል።

መሣሪያውን የሚነዳው የሠለጠነ ባለሙያ ነው። እናንተ ዩኒቨርሲቲ ወይም የምርምር ተቋም ናሙና ይዛችሁ ስትሄዱ ግን የሚከተለውን ብታውቁ ቀጠሯችሁ በከንቱ አይቃጠልም።

1. እጠቡ። እንደ ቀድሞው በሳሙና፣ ከዚያ በተጣራ ውሃ፣ በመጨረሻ በአልኮል። በብርሃን ያላስቸገረን ቅባት እዚህ ቅርፊቱን እንደ ጭቃ ይለስነዋል።

2. በደንብ አድርቁ። ወረቀት ፖስታ ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀን አቆዩት። ላስቲክ ውስጥ አይደለም፤ ላስቲክ እርጥበት ይይዛል። ምክንያቱ እዚህ አገር ለማንም ግልጽ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፤ ውሃ 100 ሳይደርስ ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ማይክሮስኮፑ ውስጥ ደግሞ አየሩ ተመጥጦ ይወጣል፤ በክፍል ሙቀት እንኳ ውሃ ወዲያውኑ ይፈላል። እርጥብ ናሙና እየተነነ መሣሪያውን ያቆሽሻል። አየሩ የሚወጣው ኤሌክትሮኖቹ ከአየር ጋር እየተጋጩ እንዳይበተኑ ነው።

3. አሳጥሩ። ግማሽ ሴንቲሜትር ይበቃል። ረጅም ዘለላ በጨረሩ ሥር ይወዛወዛል፣ ምስሉ ይንቀጠቀጣል።

4. በካርበን ቴፕ ትንሽ የብረት መቆሚያ ላይ ይለጠፋል። ተራ ፕላስተር አይሆንም፤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

5. በወርቅ ይቀባል። 10 ናኖሜትር ያህል ውፍረት፣ በልዩ ማሽን። ሱፍ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የሚወርድበት ኤሌክትሮን መሄጃ ሲያጣ ይከማቻል፣ የሚመጣውን ይገፋል፣ ምስሉ ላይ የሚያበራ ነጭ ጭረት ይሆናል። ወርቁ መውጫ መንገድ ነው።

6. ቮልቴጁ ዝቅ ይበል። ለፀጉር ከ5,000 እስከ 10,000 ቮልት አካባቢ ብላችሁ ጠይቁ። ከፍ ሲል ኤሌክትሮኑ ጠልቆ ይገባና ላዩን ሳይሆን ከሥር ያለውን ያሳያል፤ ፀጉሩንም ሊያቃጥል ይችላል።

7. ምስሉ እስኪወጣ ታገሡ። ጨረሩ እንደ በሬ ነው የሚሄደው፤ ትልም በትልም። በየነጥቡ ከናሙናው የሚወጡትን ኤሌክትሮኖች መሣሪያው ይቆጥርና ብዛታቸውን ወደ ብርሃን ይለውጣል። ጠርዝ ላይ ብዙ ስለሚወጡ ጠርዝ ያበራል። ቀለም የለም። በቀለም ያማረ የኤሌክትሮን ፎቶ ካያችሁ ቀለሙ በኮምፒውተር የተጨመረ ነው።

8. የመጠን መስመሩን አንብቡ። ከሥር አጭር መስመርና «10 ማይክሮን» የሚል ታገኛላችሁ። «5000 ጊዜ» የሚለውን ሳይሆን መስመሩን እመኑ። ፎቶው ትልቅ ወረቀት ላይ ሲታተም ጊዜው ይለወጣል፣ መስመሩ ግን ከምስሉ ጋር ያድጋል።

አሁን ያ ለስላሳ የነበረው መስመር ስለታም ጠርዝ ያለው ቅርፊት ሆኖ ይመጣል፤ ጥላው ሳይቀር።

እርሾን ለዚህ አትውሰዱ። ውሃው ሲወጣ ሴሉ እንደ ዘቢብ ይጨማደዳል። እንዳይጨማደድ በመርዛማ ኬሚካል ማጽናትና ደረጃ በደረጃ በአልኮል ማድረቅ ያስፈልጋል፤ የትምህርት ቤት ሥራ አይደለም። ሕያው ሆኖ ሲንቀሳቀስ ማየት ከፈለጋችሁ ብርሃን ላይ ቆዩ። ቫይረስ የሚፈልግ ሰው በአብዛኛው የሚሄደው ወደ ሌላ ዓይነት የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው፤ ጨረሩ ናሙናውን ሰንጥቆ የሚያልፍበት። እዚያ የሴል ቁራጭ ከ100 ናኖሜትር በታች መሳሳት አለበት።

ደጋግመው የሚያጋጥሙ ስህተቶች

- *ጨለማ ብቻ።* ኦብጀክቲቩ «ቀጭ» ብሎ ቦታው አልገባም፣ ወይም ዲያፍራሙ ተዘግቷል። መጀመሪያ እነዚህን እዩ።
- *ጥቁር የሚወዛወዙ ገመዶች።* ሽፋሽፍታችሁ ነው። ዓይናችሁን ትንሽ አርቁ።
- *ቆሻሻ ነጥብ።* የዓይኑን ሌንስ አዙሩት። ነጥቡ አብሮ ከዞረ ሌንሱ ላይ ነው። ካልዞረ ስላይዱን ገፉት፤ አብሮ ከሄደ ስላይዱ ላይ ነው። ሁለቱም ካልሆነ ኦብጀክቲቩ ላይ ሊሆን ይችላል።
- *በ10 ጥሩ ነበር፣ በ40 አይጠራም።* ስላይዱን ገልብጣችሁ አድርጋችኋል። ከቨር ስሊፑ ከላይ መሆን አለበት፤ 40ው የተሠራው 0.17 ሚሊሜትር መስታወት እንዲያሳልፍ ነው፣ ሙሉ ስላይድ አይደለም።
- *«ባክቴሪያው ይዋኛል!»* ባለበት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ እየዋኘ አይደለም፤ የውሃ ሞለኪውሎች እየገፉት ነው። ሕይወት የሌለው ስታርችም እንደዚያ ይንቀጠቀጣል። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚፈስሱ ከሆነም ከቨር ስሊፑ ሥር ውሃው እየደረቀ ነው። ጎረቤቶቹን ጥሎ ብቻውን መንገድ የሚያቋርጥ ካገኛችሁ ግን እሱ በእርግጥ ይዋኛል። ከበሬሳ ወንዝ ዳር ከረጋ ውሃ አንድ ጠብታ ብታመጡ እንዲህ ያሉትን ታገኛላችሁ፤ ከፈጠኑባችሁ ሁለት ሦስት የጥጥ ክር ጣል አድርጉበት፣ መንገዱ ይዘጋባቸዋል።